ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ሯጭ
በትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ስፖርትንና ተማሪዎችን በፎቶ የማስቀረት መመሪያ

በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የአርሲ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ የወጡት ከዚህችው ከተማና ከአካባቢዋ ነው። የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለዓመታት የከተማዋን ልጆች ማልደው ሜዳ እያወጡ አሠልጥነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም የእነዚህኑ ልጆች ሕይወት ይከተላል።

ዓለም የሚያውቃቸው የበቆጂ ፎቶዎች ግን የተነሱት ባርሴሎና፣ አትላንታ፣ አቴንስና ቤጂንግ ላይ ነው። ከእነዚያ ሻምፒዮኖች ጋር በኖራ በተሰመረ መም ላይ ትከሻ ለትከሻ የተሰለፉ፣ በኋላ መምህር፣ ነርስ፣ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሆኑ ልጆችም ነበሩ። እነዚህን ኦሎምፒክ ላይ የሚጠብቃቸው ካሜራ አልነበረም። የትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ያሸነፈችውን ብቻ ሳይሆን የተሰለፉትን በሙሉ ማንሳት። የስፖርት መምህርም ይሁኑ፣ ፎቶ ቤት ያለዎት ባለሙያ፣ ወይም ካሜራ የተዋሰ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዚህ በታች ያለው በበቆጂ ምሳሌነት የተጻፈ መመሪያ ደብረ ታቦርም ሆነ ዲላ ላይ ይሠራል።

ፈቃዱ ይቅደም

ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ርእሰ መምህሩንና የስፖርት መምህሩን ያነጋግሩ። ቀጥሎ ወላጆች አሉ። ለእያንዳንዱ ቤት በር ማንኳኳት ስለማይቻል የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ሲኖር አሥር ደቂቃ ይጠይቁ፤ ምን እንደሚያነሱ፣ ፎቶው የት እንደሚለጠፍ፣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በግልጽ ይናገሩ። ልጄ እንዳይነሳ ያለ ወላጅ ካለ የልጁን ስም ይመዝግቡ፤ ያንንም ቃል ይጠብቁ።

ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መለጠፍን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በሕዝብ ፊት ከተካሄዱ ክንውኖችና ሥነ ሥርዓቶች ጋር የተያያዘ ፎቶን ከዚህ ክልከላ ያወጣል። ስለዚህ የውድድር ፎቶና ለብቻ የተነሳ የአንዲት ተማሪ የፊት ፎቶ በሕግ ዓይን እኩል አይደሉም። የፊት ፎቶዋን የፎቶ ቤትዎ መስኮት ላይ ማሳያ አድርገው ሊሰቅሉ ካሰቡ እሷንም ወላጆቿንም መጠየቅ ግድ ነው።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጅቷን ሙሉ ስም፣ የምትማርበትን ክፍልና ማለዳ የምትሮጥበትን መንገድ በአንድ ፎቶ ሥር ጽፎ ማሠራጨት ለማያውቃት ሰው አድራሻዋን መስጠት ነው። ወድቃ ልብሷ የተገለበጠባትን ተማሪ የሚያሳይ ፎቶም፣ ምንም ያህል ስሜት የሚነካ ቢሆን፣ ወዲያው መጥፋት አለበት። ያቺ ልጅ ነገ ጠዋት ያንኑ የትምህርት ቤት በር ትገባለች።

ብርሃኑን በሰዓት መያዝ

በቆጂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትክክል ትቆማለች፤ የሯጩ ግንባር ያበራል፣ ዓይኖቹ ግን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ስስ የሆነው የደጋ አየር ብርሃንን ብዙም ስለማይበትን ጥላው ከቆላው ይልቅ ይጠቁራል፣ የሰማዩም ቀለም ይደምቃል።

ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ድረስ ያለው ነው። በእኛ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ቀጥ ብላ ስለሆነ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ በፈረንጅ መጽሐፍ የተጻፈውን ረጅም የምሽት ብርሃን አይጠብቁ። የክፍል ለክፍል ውድድር መርሐ ግብር ሲወጣ የስፖርት መምህሩን የሚጠይቁት አንድ ነገር ቢኖር የፍጻሜ ሩጫዎቹ ጠዋት እንዲደረጉ ነው። ለሯጮቹም ይሻላቸዋል፤ አብዛኞቹ መምህራን ይህን ምክንያት በደስታ ይቀበላሉ።

እኩለ ቀን ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ሯጩን ከጀርባው ፀሐይ እንዲመታው አድርገው ይቁሙና ለፊቱ ብርሃን ይጨምሩ። ደረቁ የሜዳ አፈር ራሱ ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልስ ፊት ላይ ያለው ጥላ ሣር ላይ ከሚሆነው ይቀላል።

ካሜራና ሌንስ

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የታጠበ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለመውጣት 1,200 በ1,800 ነጥብ፣ ማለትም ከ2 ሜጋፒክስል ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይፈልጋል። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ያገለገለ ካሜራ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ርቀትን የሚያቀርብ ሌንስ ነው፤ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሆነው ርካሽ ዙም በቀን ብርሃን በቂ ነው። ለፊት ፎቶ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነው ሌንስ ከሁሉም በዋጋው ቅናሽ፣ በውጤቱም አኩሪ ነው።

ስልክ ብቻ ያለዎት ከሆነ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ፣ ቁልፉን ተጭነው በመያዝ ተከታታይ ፎቶ ያንሱ፤ በጣት እየሳቡ ከማጉላት ይልቅ በእግርዎ ይቅረቡ። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ከተማ ባትሪ ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት ሳይሆን መብራት በመጣ በማንኛውም ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል። አቧራ ሲነሳ ደግሞ ሌንስ አይቀየርም።

ፍጥነቱን ማስላት

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንገሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሲጨርስ በአማካይ በሰከንድ 6.6 ሜትር እየተጓዘ ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው የካሜራው ሻተር ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ቢሆን በዚያ ውስጥ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶው ላይ ፊቱ አይለይም። በ1/250 እንቅስቃሴው ወደ 2.6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በ1/1000 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የተማሪ ሩጫ ከዚህ ቢዘገይም እጅና እግር ከሰውነት በላይ ይፈጥናሉ። ስለዚህ የሻተር ፍጥነቱን ከ1/1000 አያውርዱት።

ጠዋት ላይ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 5.6፣ 1/1000 መነሻ ይሁንዎት። ፀሐይ ከፍ ስትል አይኤስኦውን ወደ 400 ዝቅ ያድርጉና ፍጥነቱን ወደ 1/2000 ያሳድጉ። ፎከሱን የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲከተል ያድርጉት፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ የካኖን ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ላይ ኤአይ ሰርቮ ይባላል። ጄፔግ ብቻ ቢያነሱም ችግር የለውም፤ ብዙ ተከታታይ ፎቶ ለሚነሳበት ሜዳ እንዲያውም ይመረጣል።

አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ ፍጥነቱን መቀነስ ያምራል። 1/60 ላይ አድርገው፣ ወገብዎን እያዞሩ ሯጯን ከካሜራው ጋር እኩል ከተከተሏት ፊቷ ይለያል፣ ከኋላ ያለው ባሕር ዛፍና የቆመው ሕዝብ ግን ወደ አግድም መስመር ይቀየራል። ከብዙ ሙከራ ጥቂቱ ብቻ ስለሚሳካ ይህን በማጣሪያ ዙሮች እንጂ በፍጻሜው አይሞክሩት።

የት መቆም

ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው የአቋቋም ቦታ ነው፤ ጀማሪዎችም በብዛት የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው። ሕዝቡ ካለበት ቆሞ ማንሳት የሁሉንም ሰው ጀርባ ያመጣል። የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን ሜዳ አጥር ስለሌለው ተመልካቹ መስመሩ ድረስ ይጠጋል፤ ውድድሩ ሳይጀመር ከሥርዓት አስከባሪ ተማሪዎቹ ጋር ተነጋግረው ሁለት ክፍት ቦታዎች እንዲያስጠብቁልዎ ያድርጉ፤ አንዱ ከኩርባው መውጫ፣ ሌላው ከመጨረሻው መስመር ባሻገር።

ሩጫ ላይ ኩርባው ወርቅ ነው። ሯጮቹ ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ሳይሸፈን፣ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመጣሉ። ተንበርክከው ካሜራውን ወደ ወገባቸው ቁመት ያውርዱት፤ ከዚያ ሲታዩ እግሮቻቸው ከመሬት መነሳታቸው ይጎላል፣ ከኋላቸው ያለው ግርግርም በሰማይ ይተካል። 800 ሜትር በ400 ሜትር መም ላይ ሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያውን ዙር ሙሉውን ስብስብ ለማንሳት፣ ሁለተኛውን ፊቶችን ለመለየት ይጠቀሙበት። በ5,000 ሜትር ጊዜው ሰፊ ስለሆነ በየዙሩ አንድ ሯጭ እየመረጡ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል። ዝርዝር ይዘው በየቁጥሩ ምልክት ያድርጉ፤ ያልተነሳ ልጅ እንዳይኖር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

መጨረሻው መስመር ላይ ከመስመሩ ባሻገር፣ ከመሙ ወጣ ብለው ይቁሙ። ሯጭ ፍጥነቱን ለማብረድ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ፎቶ አንሺ መንገዱ ላይ ሊገኝ አይገባም። አንደኛዋ ገብታ ሕዝቡ ወደ እሷ ሲጎርፍ እርስዎ ካሉበት አይነቃነቁ። ስምንተኛዋ፣ አሥራ አምስተኛዋ፣ ብቻዋን የቀረችውም እየመጣች ነው። ጥርሷን ነክሳ የምትጨርሰው የመጨረሻዋ ሯጭ ፊት ላይ ያለው ተጋድሎ ከአሸናፊዋ ፊት አያንስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል።

ካሜራውን ከሩጫው በኋላም አያውርዱት። ከበቆጂ የወጣው ትልቁ የስፖርት ምስል ራሱ የሩጫ ምስል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ነው። ትምህርት ቤት ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው፤ ጫማ ያዋሰችው ጓደኛ ስትጠመጠም፣ የተሸነፈው በረኛ ጓንቱን ሲያወልቅ፣ መምህሩ ውኃ ሲያቀብሉ። እነዚህ በየጨዋታው የሚገኙ ናቸው፤ የሚያስፈልገው ቆሞ መጠበቅ ነው።

እግር ኳስ ላይ በጎሉና በማዕዘኑ መካከል፣ ከመስመሩ ውጭ ይቀመጡ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሁን። ኳሷን እየተከተሉ ወዲያ ወዲህ መሮጥ አያስፈልግም፣ አጥቂዎቹ ፊታቸውን ወደ እርስዎ አድርገው ይመጣሉ። ኳስና ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ ካልተገናኙ ፎቶው ብዙም አይናገርም፤ የግንባር ኳስ የሚወደደው ለዚህ ነው። መረብ ኳስ ላይ በተቃራኒው ቡድን በኩል ከመረቡ ጎን ዝቅ ብለው ይቁሙ። መረቡ በደንቡ ለሴቶች 2.24፣ ለወንዶች 2.43 ሜትር ላይ ስለሚወጠር ከታች ሲታይ የመቺዋ ዝላይ ይጎላል። የጦርና የአሎሎ ውርወራ ሲኖር ግን ወርዋሪው ፊት ለፊት ባለው ክልል ውስጥ በፍጹም አይግቡ፤ ከጎን፣ ከዳኛው ኋላ ይቁሙ።

ፊቱ እንዳይጠቁር

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የማምጣት ጠባይ አለው። ከሯጩ ኋላ ደማቅ ሰማይ ካለ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ያጨልማል፣ የልጁም ፊት ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን ከ+0.7 እስከ +1 ያድርጉት። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ፤ ፎቶው የተነሳው ለሰማዩ አይደለም።

ይህ ችግር ታሪክም አለው። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለቀለም ማስተካከያ ይልከው የነበረው «ሸርሊ» የተባለ ካርድ ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፊት ነበረበት፤ ቀለሙ የሚመዘነው በእሷ ፊት ነበር። ዛሬም አንዳንድ የስልክ ካሜራዎች ፊትን በራሳቸው ያቀላሉ ወይም ያለሰልሳሉ። «ቢውቲ» የተባለውን ማስዋቢያ ያጥፉት። የደጋ ፀሐይ ያጠቆረው የሯጭ ፊት እንዳለ ያምራል፣ ላቡም እንዳለ ይታይ። ነጭ ሒጃብ ወይም ነጠላ የለበሰች ተማሪ ስትሆን ማካካሻውን ፊቷን እያዩ ያስተካክሉ እንጂ በጨርቁ አይመዝኑ።

የተመራቂዎች ፎቶ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በመጀመሩ ብዙ ተማሪዎች ለፈተና ከከተማቸው ይወጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ሁሉም በአንድነት የሚገኙበት ቀን ብርቅ ነው። የተመራቂ ፎቶ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያልቅ። ክረምቱ ቀድሞ ከገባም አይጨነቁ፤ ዝናብ የሌለበት ደመናማ ጠዋት ለፊት ፎቶ ከሁሉም የተሻለው ብርሃን ነው።

ፀሐያማ ቀን ከሆነ የመማሪያ ክፍል በረንዳ ይፈልጉ። ተማሪዋን ከጣሪያው ጥላ ጫፍ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙረው ያቁሟት። ከሰማዩ የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ከአገጯ በታች ጥላ ከቀረ ጓደኛዋ ነጭ ነጠላ ዘርግታ ከደረቷ በታች ትያዝላት፤ ከፎቶ ቤት አንጸባራቂ አያንስም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ፊቷ ላይ ይወድቃል፣ ሁለት ሜትር ያርቋት። ስልክ ከሆነ ፊት ለፊት ተጠግቶ ማንሳት አፍንጫን ያተልቃል፤ ወደ ኋላ ርቀው ሁለት እጥፍ አቅራቢውን ሌንስ ይጠቀሙ።

አቀማመጡን በእጅ ነክተው አያስተካክሉ። ራስዎ ቆመው ያሳዩ፣ ተማሪው ይከተልዎታል። ካሜራ ሲያይ የሚደርቅ ልጅ ሥራ ይሰጠው፤ የጫማውን ክር ይሰር፣ የመወዳደሪያ ቁጥሩን ደረቱ ላይ ይሰካ፣ አሥር እርምጃ ሄዶ ይመለስ። በየስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚቀሰቅሰው ይጠይቁት። መልስ ሲጀምር ፊቱ ይፈታል፤ ቁልፉን የሚጫኑት ያኔ ነው። ሯጭን በደንብ ልብሱ፣ ከዚያም በመሮጫ ልብሱ ያንሱት። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን፣ እሱ ሁለተኛውን ይወዳል።

የክፍሉ የጋራ ፎቶ ሌላ ፈተና ነው። የፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ መካከለኛው ይቁም፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ይውጣ። ኤፍ 8 ያድርጉ፣ ፎከሱን መካከለኛው ረድፍ ላይ ይያዙ። ዓይኑን የጨፈነ እንዳይኖር ስንት ፎቶ ይበቃል ለሚለው ፒርስ ባርንስና ኒክ ስቬንሰን የተባሉ አውስትራሊያውያን ባደረጉት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ከ20 ሰው በታች ላለ ቡድን ጥሩ ብርሃን ሲኖር የሰዉን ቁጥር ለሦስት ማካፈል ነው። 18 ተጫዋቾች ላሉበት ቡድን 6 ፎቶ ማለት ነው። 50 ተማሪ ሲሆን ግን ስሌቱ ተስፋ አይሰጥም። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው በእርስዎ «ሦስት» ላይ እንዲከፍቱ ይንገሯቸው፣ ወዲያውም በተከታታይ ያንሱ።

ስሙን መያዝ፣ ፎቶውን ማድረስ

እያንዳንዱ ተማሪ ከፊት ፎቶው በፊት ስሙን፣ የአባቱን ስምና ክፍሉን ራሱ በወረቀት ጽፎ ይዞት ይነሳ። አንድ ስም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መልክ ይጻፋል፤ ትክክለኛው ባለቤቱ የጻፈው ነው። ውድድር ላይ ደግሞ የተሳታፊዎችን ዝርዝርና የውጤት ሰሌዳውን በፎቶ ያንሱ። ካሜራው የሚመዘግበው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ የፋይሉ ማኅደር ላይ የኢትዮጵያውን ቀን፣ ወርና ዓመት ይጻፉ።

በዚያው ምሽት ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ ሁለቱ ከተገለበጡ በኋላ ብቻ ሜሞሪ ካርዱ ይጽዳ። የሚሸጡ ከሆነ የዋጋ ዝርዝሩን ለሁሉም በሚታይ ቦታ አስቀድመው ይለጥፉ። መግዛት ለማይችል ተማሪ አንድ ፎቶ በነጻ የሚሰጥበትን መንገድ ከርእሰ መምህሩ ጋር በጸጥታ ይስማሙ፤ ማን በነጻ እንደወሰደ ሌላ ተማሪ ማወቅ የለበትም።

በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቃል፣ በኋላ ቢታጠብ ይደበዝዛል። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ስብስብ በፍላሽ ዲስክ ከስም ዝርዝሩ ጋር ያስረክቡ፤ የቡድኖቹንና የክፍሎቹን የጋራ ፎቶ ግን በወረቀት አሳጥበው፣ ከጀርባው የሁሉንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ በእርሳስ ጽፈው ይስጡ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይሰርጋል።